ዳማ ከማን እጅ በላ

በሩን መለስ አድርጉትና ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ ጨረቃ የለችም። እሳቱንም አትቆስቁሱት፤ ይህ ወሬ በፍም ብርሃን ነው የሚወራው። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ። በአፉ የሚበላ ነገር የያዘ ካለም ይዋጠው። ለምን እንዳልኩ በኋላ ታውቁታላችሁ።

ጊዜው እንዲህ ነበር። ፀሐይ ገብታለች። ከብት ገብቷል። ዶሮ ቆጡ ላይ ሰፍሯል። ውሻ እንኳ መጮህ ሰልችቶት አፉን መሬት ላይ አጋድሟል። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ብቻውን ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። መንገዱ ከትልቁ ዋርካ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ በግራው ገደል፣ በቀኙ ጥሻ። ከመታጠፊያው ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ ምረንዝ ነው። ከምረንዙ ትንሽ አለፍ ሲሉ የሸክላ ሠሪዋ የአንጓች ጎጆ አለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ማዶው ሰፈር ድረስ ሰው የለም። ምንም ሰው የለም ነው የምላችሁ።

ምረንዝን ታውቁታላችሁ? በበጋ አገር ምድሩ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ነው። አበባው ሲሸት ደስ ይላል። ቅጠሉ ግን ገዳይ ነው፤ ቅርፊቱም ገዳይ ነው። የድሮ አዳኞች ፍላጻቸውን የሚመርዙት በእሱ ነበር። እንዳትነኩት፤ ሰምታችኋል? ፈረስ ምሬቱን ስለሚያውቅ ጠግቦ ካደረ አጠገቡም አይደርስ። የተራበ ፈረስ፣ በሌላ ሣር ተቀላቅሎ የቀረበለት ፈረስ ግን ይበላዋል። ከበላው ብዙ አይቆይም። ልቡ ቀጥ ይላል። በቃ።

ቁልቁለቱን የሚወርደው ሰውዬ ጓንጉል ይባላል። ድሀ አልነበረም። መሬት ነበረው፣ ጥማድ በሬ ነበረው፣ ዳማ የሚባል ቀይ ፈረስም ነበረው። ዳማ የፊት ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። ጌታውን ግን እንዴት ይወድ ነበር መሰላችሁ። ጓንጉል ሲያፏጭለት ከሩቅ እያነከሰ ይመጣና አፉን መዳፉ ውስጥ ይከታል። የሚበላ ነገር ቢኖርም ባይኖርም ይከታል። እንዲሁ ነው ልማዱ።

ጎረቤቱ ደግሞ አጥናፉ ነው። የአጥናፉ ፈረስ ነጭ ነበር፤ አምባላይ ይሉታል። አንገቱ ላይ የነሐስ ቃጭል ታስሮለታል። ቃጭሉ ከሩቅ ሲሰማ ሰው ሁሉ አጥናፉ መጣ ይል ነበር። በጥምቀት ጉግስ ሜዳው ላይ ፈረስ ሲጋለብ አምባላይን የሚቀድም አልነበረም። በዚያ ዓመት ጓንጉልም ዳማን ጭኖ ወጣ። ዳማ ምን ያድርግ፣ ወደ ኋላ ቀረ። አንዱ ቀልደኛ፣ «ጓንጉል፣ ፈረስህ አቧራ ሊጠጣ ነው የመጣው?» አለው። ሜዳው ሳቀ። አጥናፉ ግን አልሳቀም።

«ተዉት እንጂ፣ እግሩን ታሞ ነው» አለ።

ጓንጉል ያልረሳው ይህን ነው። የሳቁበትን ሁሉ ረሳ። ያዘነለትን ሰው አልረሳም። እንዲህ ያለ ልብ አለ ልጆቼ። ደም የሚያፈላው ደግሞ እንዲህ ያለው ልብ ነው። ሰው ለክፉህ ሳይሆን ለደግህ ሲጠላህ ምን ይባላል?

ግንቦት ገባ። ሣር አልቆ ከብቱ አጥንቱ ወጥቷል። በዚያ ሰሞን የአንድ ባለጸጋ ተዝካር ተደገሰና ሰዉ በፈረስና በበቅሎ ጎረፈ። የእንግዳ ፈረስ የሚቀልበው ደጋሹ ነው፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ፈረሶቹ በመስኩ ዳር በየካስማው ይታሰራሉ፣ ሣር የሚያድል ሰው ይመደባል። ጓንጉል ብድግ አለና እኔ አድላለሁ አለ። ሰዎቹ ደስ አላቸው። ጓንጉል ዛሬ ምን ነካው ተባባሉ።

ምን እንደ ነካው እኔ ልንገራችሁ። በዋዜማው ማጭዱን ይዞ ወደ ምረንዙ ወርዶ ነበር። ቅርንጫፍ ቆረጠ፤ ማጭዱንም ከዛፉ ሥር ረሳው። ቅጠሉን ሸመጠጠ። ከሣር እንዳይለይ አጠወለገው። ምሬቱ እንዳይታወቅ ጨው ነሰነሰበት። አስቀድሞ ከምንጭ ዳር ካጨደው እርጥብ ሣር ጋር ቀላቅሎ አንድ ነዶ አሰረ። ያን ነዶ ወስዶ አምባላይ ፊት አኖረው። ለሌሎቹ ፈረሶች የደጋሹን ድርቆሽ አደለ። ለራሱ ለዳማ ግን ጭድ ሰጠው፤ ለገዛ ፈረሱ አዳላ እንዳይባል። ብልጠቱን አያችሁት?

ከዚያ ገባና በላ። ጠጣ። ካህኑ የፍትሐቱን ጸሎት ሲያደርሱ ቆሞ አሜን አለ። ያ አፍ አሜን ለማለት እንዴት ተከፈተ? እግዜር ግን ሁሉንም ይሰማል፤ ያንንም አሜን ሰምቶታል።

ወደ ማታ አምባላይ ወደቀ። ቃጭሉ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። አጥናፉ መሬት ላይ ተቀምጦ የፈረሱን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጓንጉልም ፊቱን አጥቁሮ ሊያጽናና ተነሣ። ሁለት እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ዳማም ወድቋል አሉት።

ሮጠ። ዳማ በጎኑ ተጋድሟል። አፉ አረፋ ነው። ዓይኑ ሰው ይፈልጋል። ጓንጉል አጠገቡ ሲንበረከክ ዳማ እንደ ልማዱ አፉን መዳፉ ውስጥ ከተተ። እንደዚያ እንዳለ ሞተ።

ጓንጉል ግራ ገባው። ጭድ ነው የሰጠሁት፣ በገዛ እጄ ጭድ ነው የሰጠሁት አለ በልቡ። ታዲያ ዳማን ምን ገደለው?

በዚያ ዘመን ጥፋት ሲደርስና አጥፊው ሲታጣ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል። አጥፊው ካልተገኘ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሌዎቹ በስውር አንድ ሰው ይመርጣሉ፤ ያን ሰው ወፍ ይሉታል። ወፉ ያየውን የሰማውን በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፤ ስሙም አይነሣም። እውነት እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። በማግስቱም ይኸው ተደረገ። ሣሩን ያደለው ጓንጉል አይደለም ወይ ያለ ሰው አልጠፋም ነበር። ግን የራሱም ፈረስ ሞቷል። የገዛ ፈረሱን ማን ይገድላል? ይልቅ ቀኑን ሙሉ በፈረሶቹ መካከል ሲመላለስ የዋለ እሱ ነው፣ ያየው ነገር አይጠፋም አሉ ሽማግሌዎቹ። ወፍ አድርገው ማንን መረጡ መሰላችሁ? ጓንጉልን።

ጓንጉልም ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «አንጓች ናት» አለ። «አምባላይን እያየች እንዴት ያምራል ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ዓይኗ ነው።»

አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ጡት ያልጣለች ልጅ ያላት ሴት ናት። ሰፈሩ ውኃ የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነው፤ ጠላ የሚጠምቀው በእሷ ጋን ነው። እጇ የሠራውን ሁሉ ይወዱታል። እሷን ግን ቡዳ ይሏታል። በተዝካሩ ዕለት ጋን ተሸክማ መጥታ በፈረሶቹ አጠገብ አልፋ ነበር፤ አዎ፣ ያምራሉም ብላለች። የሚያምር ነገር ያምራል ማለት ኃጢአት ሆኖ እሷን ከሰሷት። ሸንጎው ላይ እንኳ አልጠሯትም። ቡዳ ተጠርታ ምን ልትል አሉ።

ልንገራችሁና፣ ጓንጉል ያን ሲናገር ግማሹን አምኖት ነበር። ለአምባላይ እኔ ነኝ፣ ለዳማ ግን እሷ መሆን አለባት ይል ነበር በልቡ። ሰው የገዛ ሥራውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያጣ ሁልጊዜ ደካማ ሰው ጀርባ ላይ ነው የሚያኖረው።

ተፈረደ። ነገ ጠዋት ሸክላዋ ይሰበራል፣ ልጇን ይዛ ከአገር ትወጣለች ተባለ። ክረምት ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። ጨቅላ አዝላ የት ትሄዳለች ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አጥናፉ ብቻ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ይህችን ያዙልኝ።

ሸንጎው ተበተነ። ሰዉ በየፈረሱ፣ ከየጓደኛው ጋር ሄደ። ጓንጉል ፊቱን እንዳያዩበት ወደ ኋላ ቀረ። እስኪጨልም ቆየና ማዶ ወዳለው ቤቱ ቁልቁለቱን ጀመረ። ብቻውን። በእግሩ። ፈረስ የለውማ።

ትንሽ እንደ ሄደ ከኋላው የሆነ ነገር ሰማ። ምን ይመስላችኋል?

ማኘክ።

ጭርም፣ ጭርም፣ ጭርም። እንደሚያኝክ ከብት። ቆመ። ማኘኩም ቆመ። ሄደ። ማኘኩም መጣ። የጠፋ በሬ ይሆናል አለና ዞረ። በሬ የለም። ጨለማ ብቻ ነው።

አምባላይ ነው አለ በልቡ። ሊፋረደኝ መጣ። አማተበ። ሥላሴን ጠራ። ማርያምን ጠራ። የአንጓችን ስም ግን አልጠራም። በድያታለሁ አላለም። ከጸሎቱ ሁሉ የጎደለችው ያችው ነበረች።

ጭርም፣ ጭርም፣ ጭርም። አሁን ቀረብ ብሏል። ኮቴም ይሰማል። ጓንጉል ጆሮውን አቀና። አንድ ነገር ጎድሎበታል። ምን ጎደለ? እስቲ እናንተ ንገሩኝ። አምባላይ ሲሄድ ምን ነበር የሚሰማው?

ቃጭል። አዎ፣ ቃጭል። ይኼኛው ቃጭል የለውም።

አሁንም ሄደ። ላብ በጀርባው ይወርዳል። ኮቴው ይከተለዋል። ቀጥ ቀጥ ብሎ አይደለም የሚረግጠው። ሦስቱን ከበድ አድርጎ፣ አንዷን ቀለል። ሦስቱን ከበድ፣ አንዷን ቀለል። የሚያነክስ ፈረስ ነው። ጓንጉል ያን ኮቴ ሌሊት በእንቅልፉ ቢሰማው እንኳ ያውቀዋል። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረ ኮቴ ነው።

አንተ ነህ እንዴ አለ በልቡ። የሞቀ ትንፋሽ ማጅራቱን የነካው መሰለው። የሞቀ ግን አልነበረም። ቀዝቃዛ ነው። እንደ ጉድጓድ ውኃ።

ሮጠ። ምረንዙን ዓይኑን ጨፍኖ አለፈና የአንጓች ጎጆ ደጃፍ ላይ ወደቀ። አያችሁ ነገሩን? ካገሩ ሁሉ የእሷ ደጅ ነበረ የቀረው። በሩን በመዳፉ ደበደበ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ። ጓንጉል።»

ከፈተችለት። ልጇ ጡቷ ላይ ናት። የነገውን አታውቅም። ፈረሶቹ መሞታቸውንም አታውቅም፤ ለእሷ ወሬ የሚያደርስ ማን አለና።

«ይግቡ እንጂ አያ ጓንጉል። ምነው እንዲህ አላበዎት?»

ጅብ ያየሁ መስሎኝ ነው አለ። ውኃ በቅል ሰጠችው። እሱ ሲጠጣ እሷ በትከሻው አልፋ ወደ ውጭ ተመለከተች።

«ምነው ፈረስዎን እዚያ አቆሙት? ከምረንዙ ሥር ነው፤ ቅጠሉን እንዳይበላብዎት።»

ቅሉን ከአፉ አወረደ። «የምን ፈረስ?»

«የምን ፈረስ ይሉኛል እንዴ? የራስዎ ዳማ ነዋ። ያችን እግሩን አንሥቶ ቆሟል።» ሳቅ አለች። «ትናንት እንኳ ሳየው አንጀቴን በልቶት ነበር። ሌላው ድርቆሽ ሲበላ እሱ ጭድ ያኝካል። ደግነቱ አያ አጥናፉ ወጡና ከአምባላይ ፊት ያለውን እርጥብ ሣር ገምሰው ሰጡት። ትልቁን ግማሽ ለእሱ። አንተም እንግዳ ነህ፣ እግርህም ታሟል አሉት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲበሉ እንዴት ያምሩ ነበር። እግዜር ይስጣቸው ብዬ ነው ያለፍኩት።»

ጓንጉል ቅሉን ከእጁ ጣለው።

ገባችሁ አይደል? የአጥናፉ ደግነት ነው ያካፈለው። መርዙ ግን የማን ነበር? ዳማ የበላው ከጓንጉል እጅ ነው። አጥናፉም ቢሆን ያን ቀን ሸንጎው ላይ ሊናገር የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ከኔ ፈረስ ሣር ነው ለዳማ የሰጠሁት ሊል ነበር። በሰው ፈረስ ደም እጠየቃለሁ ብሎ ፈራና ዝም አለ። ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱን ለፈረስ ሰጠው፣ ለሴትዮዋ አልተረፈውም።

አሁን በል እንግዲህ ጓንጉል። እሷ ፊትህ ቆማለች። ልጇ ታይሃለች። ነገ ይመጡብሻል በላት። እኔ ነኝ በላት። ሽማግሌዎቹን ቀስቅሼ እነግራቸዋለሁ በላት። አንዲት ቃል ናት። እግዜር ሰውን አምጥቶ ከበደለው ሰው ደጅ ላይ ሲያቆመው ከዚህ በላይ ምን ያድርግለት?

ጓንጉል አፉን ከፈተ።

«በይ ደኅና እደሪ» አለ።

አያናድድም? ደኅና እደሪ አላት።

«ደኅና ይደሩ» አለች እሷም። «ፈረሱን ግን አንድ ነገር ያብሉት፤ ተርቧል። እስከዚህ ድረስ ሲያኝክ ይሰማኛል። ባዶ አፉን ነው የሚያኝከው።»

በሩ ተዘጋ። ጓንጉል ወደ ማዶ ሮጠ፤ መንገዱ ምረንዙ ዘንድ አደረሰው። ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ምረንዙ ዘንድ ደረሰ። ወደ ጥሻው ገባ፤ ሲወጣ ምረንዙ ፊቱ ቆሟል። ሥሩ ዳማ አለ። ኮርቻው ላዩ ላይ ነው። አፉ አረፋ ነው። አልተቆጣም። አልረገጠም። እያነከሰ መጣና እንደ ልማዱ አፉን ጌታው መዳፍ ውስጥ ከተተ።

አፉን ሲያነሣ መዳፉ ባዶ አልነበረም። በቅጠል ተሞልቶ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ ማንም አላየም።

ሲነጋ ሰዎቹ ከማዶው ሰፈር ወንዙን ተሻግረው ወደ አንጓች ጎጆ መጡ። ብዙ ሆነው መጡ፤ ለአንዲት ሴት። የደረቀውንም ያልደረቀውንም ሸክላ ሰባበሩት። ነገ ከነገ ወዲያ ውኃ በምን እንቀዳለን ያለ የለም። አልተሟገተቻቸውም፣ አልለመነቻቸውም። ልጇን አዘለችና ዳገቱን ጀመረች። እነሱም ከኋላ ከኋላዋ፣ መውጣቷን ሊያዩ።

ምረንዙ ዘንድ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

ጓንጉል ግንዱን ተደግፎ ተቀምጧል። በሕይወት አለ። ዓይኑ ተገልጧል። መንጋጋው ግን ይንቀሳቀሳል። ያኝካል። በከንፈሩ አረንጓዴ አረፋ ይወርዳል። ሊናገር ይፈልጋል፤ ማኘኩ አያናግረውም። እጁን ዘረጋላት። እጁ ውስጥ ቅጠል፣ አጠገቡ የገዛ ማጭዱ፣ ከራሱ በላይ በማጭድ የተቆረጠ የቅርንጫፍ ጠባሳ። ሁሉም ተራ በተራ አዩት። ሁሉም ገባቸው።

አንጓች ቁልቁል አየችው።

«ትናንት ማታ እኮ ደጄ ላይ ነበሩ» አለችው።

ይህን ብቻ አለችና አለፈች። ያኔ አጥናፉ አፉ ተከፈተለት። ሣሩን ያካፈልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ምንም አላደረገችም፣ መልሷት እያለ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ተጣራ። ተጣራ። አልዞረችም። ለምን ትዞራለች? እናንተ ብትሆኑ ትዞራላችሁ? እኔ አልዞርም። ያን ሁሉ ጎረምሳ ሸክላ ለመስበር የላኩ ሽማግሌዎች ይቅርታ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ ከኋላዋ አልላኩም። አፍረው ቆሙ። እፍረት ምን ያደርግላታል፣ ዝናብ ያስጠልላታል?

ጓንጉል ፀሐይ ሳትከር ሞተ። መንጋጋው ቀብሩ ላይ እንኳ በግድ ነው የታሰረው አሉ። የሰፈሩ እንስራ ደግሞ አንድ በአንድ እየተሰነጠቀ አለቀ፤ የሚተካ የለም። ሴቶቹ ከዚያ ወዲያ ውኃ በቅል ሲቀዱ ኖሩ። በእያንዳንዱ ምልልስ ያን ጠዋት ያስቡት ነበር ይባላል። ያስቡት። ይገባቸዋል።

ዛፉ አሁንም አለ። ማንም ፈረሱን እዚያ አያስርም። ስለዚህ ከመሸ በኋላ በዚያ መንገድ ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ከሄዳችሁም፣ ከኋላችሁ ሲያኝክ ብትሰሙ፣ አትሩጡ። በመጀመሪያ ያገኛችሁት ደጅ አንኳኩና የሠራችሁትን ተናገሩ። ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ዳማ ክፉ ፈረስ አይደለም፤ የሚመጣው ሰው አምቆ ወደ ያዘው ነገር ብቻ ነው። አንዳንዴም መንገድ ላይ አይጠብቅም፤ ሰው ተሰብስቦ ወደ ተቀመጠበት ቤት ይመጣል።

በሉ አሁን ጸሎታችሁን አድርጋችሁ ተኙ።

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

በአፉ የያዘ ይዋጥ ብዬ አልነበር? ሁላችሁም ውጣችኋል? አንተም? አንቺም?

ታዲያ ይሄ ማነው የሚያኝከው?